ጉንጭ እንዴት ይቀላል?

«የታች ከንፈርሽን ያዢና ወደ ውጭ ገልበጥ አድርጊው» አልኳት። «አሁን በመስታወት ውስጡን እዪ። የምትፈልጊው ቀለም እሱ ነው።»

የእህቴ ልጅ ናት። ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ባለው ቤታችን ቡና ቀርቦ ተቀምጠናል፤ የጓደኛዋ ሠርግ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የገዛችውን የጉንጭ ቀለም፣ ኮስሞቲክስ ቤቶቹ ብለሸር የሚሉትን፣ ከስኒዎቹ አጠገብ ከፍታ አስቀምጣዋለች። ዕቃው ውስጥ ሲታይ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ ደስ የሚል ቀለም ነው። ጉንጯ ላይ ሲያርፍ ግን በጥፊ የተመታች አስመሰላት። ሁለቴ ቀብታ ሁለቴ ታጠበችው። «አክስቴ፣ ለእኔ የሚሆን አልተሠራም ማለት ነው?» አለችኝ።

ልጅቱ አልቢኒዝም አለባት። እናቷም አባቷም ጠይም ናቸው፤ የእሷ ቆዳ ግን እርጎ ይመስላል፣ ፀጉሯም የበቆሎ ጢም። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ሕፃናት ቱሪስት ባዩ ቁጥር «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እያሉ ይከተላሉ፤ እሷንም እንዲሁ ይሏታል። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ኦሮምኛውንም ሐረሪኛውንም ከእነሱ እኩል እየተናገረች። ሰዎች ለምዳዋለች ይላሉ። አልለመደችውም። ስለዚህ ጥያቄዋ የመኳኳል ጥያቄ ብቻ አልመሰለኝም፤ ቡናው እስኪደገም ድረስ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳት ሞከርኩ።

ነጠላን አስቡ። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስስ ነጭ ነጠላ ብትደርብበት ቀዩ በነጠላው ውስጥ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ነጠላው ቡናማ ቢሆን ያው ቀሚስ የሸክላ ወይም የጠቆረ ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። ቀሚሱ ደማችን ነው፤ ነጠላው የላይኛው ቆዳችን፤ ነጠላውን ያቀለመው ደግሞ ሜላኒን። ጠይም ሴት ስታፍር ወይም ስትሮጥ ፊቷ ይሞቃል፣ ይጠልቃል፣ ወዝ ያወጣል እንጂ ሮዝ አይሆንም። ደሟ ስላነሰ አይደለም፤ ሜላኒኑ ከደሙ በፊት ብርሃኑን ስለሚቀበለው ነው።

ሜላኒን የሚሠሩት ሴሎች በልጅቱ ቆዳ ውስጥም በቁጥር እንደ እኔው አሉ። የጎደለው ሥራው ነው። በአፍሪካ በብዛት የሚታየው የአልቢኒዝም ዓይነት የሚወረሰው ጂኑ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ብቻ ነው። ወላጆቹ አንድ አንድ የተለወጠ ጂን ተሸክመው ራሳቸው ጠይም ሆነው ይኖራሉ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። እህቴ ልጇን በወለደች ጊዜ ስንት ነገር እንደተባለች አስታውሳለሁ፤ በእርግዝናዋ ምን አይታ ደነገጠች፣ ምን በላች፣ ማን ረገማት። እህቴ ምንም አላደረገችም። የተሸከመችውን ጂን ባሏም ተሸክሞት ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቀዩ እንምጣ። ደማችንን ቀይ የሚያደርገው ሂሞግሎቢን ነው፤ በመካከሉ ብረት አለ። ይህ ነገር ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ አረንጓዴውንና ቢጫውን፣ በተለይ ከ540 እስከ 580 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን፣ አጥብቆ ይውጣል፤ ቀዩን ግን ይመልሰዋል። ሲሞቀን፣ ስናፍር፣ የጁገልን ዳገት ቶሎ ቶሎ ስንወጣ በጉንጭ ሥር ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ብዙ ደም ወደ ላይ ይቀርባል። ሜላኒን በሌለበት ቆዳ ይህ ሁሉ ሳይጋረድ ይታያል። ያማረ የጉንጭ ቀለም እንግዲህ ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ከውጭ የተቀባው፣ ከውስጥ የመጣ ይመስላል።

ለዚህ ነው ከንፈሯን እንድትገለብጥ ያደረግኳት። እዚያ ቆዳው ስስ፣ ሜላኒኑም ጥቂት ነው፤ ደሙ በራሱ ቀለም ይታያል። ሌላም መንገድ አለ። ጉንጭን በጣት ሦስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው። ቦታው ለአፍታ ይነጣል፤ ከዚያ ደሙ ሲመለስ ቀለሙ ይሞላል። ነርሶች የደም ዝውውርን ለማየት ጥፍር ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ2 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይመለሳል። የሚመለሰውን ቀለም በዓይናችሁ ያዙት፤ ወደ ኮስሞቲክስ ቤት ይዛችሁት የምትሄዱት እሱን ነው። (የከንፈሩ ውስጥና የታችኛው ዐይን ቆብ ውስጥ ሁለቱም የነጡ ከሆነ ግን ጉዳዩ የቀለም አይደለም። ደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ይቀድማል።)

ልጅቱን ያን ቀን የገረማት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ጎረቤታችን ያሉት ሐረሪ እናት ቤት ስንገባ የምንቀመጥበት ነደባ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የተሠራው መቀመጫ፣ ቀይ ነው። የድሮዎቹ በቀይ አፈር ይለቀለቁ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ የዘይት ቀለም ይቀቡታል። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም እንዲያስታውስ ነው ይባላል። አፈሩን ቀይ የሚያደርገው ብረት ነው፤ ኦክስጅን የያዘ ብረት፣ ማለት የዝገት ወንድም። አሁን የብለሸሩን ዕቃ ገልብጡና ከጀርባው ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡ። ሲአይ 77491 የሚል ቁጥር አብዛኞቹ ላይ ታገኛላችሁ። እሱም ቀይ ብረት ኦክሳይድ ነው። ጎረቤታችን የሚያስቀምጡን ነደባ፣ በጉንጫችን ሥር የሚሄደው ደም፣ ከገበያ የመጣው ዱቄት፣ ሦስቱም ውስጥ ብረት አለ።

ብረቱ አንድ ቢሆንም ቀዩ ግን አንድ አይደለም፤ የልጅቱም ችግር የተነሣው ከዚህ ነው። የደም ብረት በሂሞግሎቢን ቀለበት ውስጥ ተይዞ ንጹሕ ቀይ ያወጣል። የአፈር ብረት ቡናማ ያለበት፣ የጡብ ቀይ ይሰጣል። ጠይም ፊት ላይ የጡብ ቀይ ያምራል፤ ቡናማው ከሜላኒኑ ጋር ይዋሃዳል፣ ቀዩ ብቻ ብቅ ይላል። ሜላኒን የሌለው ፊት ላይ ግን ቡናማው የሚዋሃደው ነገር አያገኝም። ብቻውን ይቀራል፤ አቧራ ወይም የዳነ ቁስል ይመስላል። እዚህ ያሉት ሱቆች የሚያመጡት ቀለም በአብዛኛው ለአብዛኛው ደንበኛቸው የሚስማማውን ነው፤ ጥልቅ፣ ቡናማ ያለበት፣ ጠንካራ። አጥፍተዋል አልልም። ልጅቱ ግን «አልተሠራልኝም» ስትል ያለ ምክንያት አላለችም።

ታዲያ የትኛው? በእኔ አስተያየት አልቢኒዝም ላለባቸው ለአብዛኞቹ የአገራችን ልጆች የሚሆነው ኮክ ሲበስል ፀሐይ ባየው ጎኑ ላይ የሚወጣው ቀለም ነው፤ ሮዝ ሆኖ ትንሽ የቢጫ ሙቀት ያለበት። ምክንያቱም ቆዳቸው ብዙ ጊዜ ወረቀት ነጭ ሳይሆን ወደ ቅቤ የሚያዘነብል ነው። ይህን ለማወቅ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከጉንጭ አጠገብ ያዙ። ፊቱ ከወረቀቱ አጠገብ ቢጫ ቢጫ ካለ ኮኩን፣ ሮዝ ሮዝ ካለ ደግሞ ቢጫ የሌለበትን ንጹሕ ሮዝ ሞክሩ። ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ደማቅ ሮዝ ቅቤ በመሰለ ቆዳ ላይ ተለጥፎ የቀረ ወረቀት ይመስላል። ዕቃው ላይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚል ነገር ካለ ቀለሙ በነጭ ለስልሷል ማለት ነው፤ ይህ ለስስ ቆዳ ጥሩ ነው። ካርሚን የሚል ካለ ቀዩ የመጣው ኮቺኒል ከሚባሉ ነፍሳት ነው፤ ከብረት ይልቅ ወደ ደም የሚጠጋ ቀይ ይሰጣል፤ ከነፍሳት መምጣቱን የማይወዱ ሰዎች ግን አሉና አስቀድሞ ማንበብ ይሻላል።

ቀለም ስትመርጡ ከቀለሙ እኩል ብርሃኑን ተጠንቀቁ። ሱቅ ውስጥ ያለው መብራት ብዙ ጊዜ ቀዩ የጎደለው ነው፤ በዚያ ሥር ትንሽ የመሰላችሁ ቀለም ውጭ ስትወጡ ይጮኻል። ሐረር ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አላት። የጁገል መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው፤ ግድግዳዎቹ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ይቀባሉ፣ ለበዓል ይታደሳሉ። በሐምራዊ ግድግዳ አጠገብ መስታወት ይዞ የቆመ ሰው ፊቱን ሳይሆን ከግድግዳው የተመለሰውን ቀለም ያያል። ፊቱ እንደ ልጅቱ ነጭ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን እንዳለ ይቀበላል። ለዚህ ነው መስታወቱን አስይዤ ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት በፈላና በር በኩል ይዣት የወጣሁት። በሩ በስተሰሜን ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በስተደቡብ በኩል ስለምታልፍ የግንቡ ውጨኛው ፊት በእኩለ ቀን ጥላ ይሆናል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን ሐረር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ብቻ ስላለች ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ትዘነብልና ጥላው ይጠፋል። እኛ የወጣነው በኅዳር ነበር። ከላይ ክፍት ሰማይ፣ ከኋላ ያልተቀባ ድንጋይ፤ ቀለም ለመለየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ቀለሙን የምትሞክሩት ደግሞ በእጅ ጀርባ ላይ አይደለም። የእጅ ጀርባ ፀሐይ የጠገበ ነው፤ ከፊት ጋር አይመሳሰልም። ጉንጭ ላይ፣ ከጆሮ በኩል ሞክሩት።

የገዛችውን አልጣልነውም። የብለሸሩን ዱቄት በማንኪያ እጀታ ጥቂት ፈቀፈቅነው፤ የጤፍ ጥቂት ቅንጣት ቢያክል ነው። የምስር ክክ የሚያክል ሽታ የሌለው የፊት ክሬም በስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርገን ለወስነው። የመጀመሪያው በዛ፤ ሌላ ክሬም ጨመርን። ሦስተኛው ላይ ስኒ ማስቀመጫው ላይ ቀለም ያለው እስከማይመስል ድረስ ገረጣ። «ይሄማ ምንም የለውም» አለች። እጇን ይዤ ጉንጯ ላይ በቀለበት ጣቷ ጫን ጫን አስደረግኳት። አለው። ሜላኒን የሌለው ቆዳ የሚመጣበትን ቀለም ሁሉ ያሳያል፤ ለእኔ የማይታየኝ ትንሽ መጠን ለእሷ ሙሉ ነው። ጠንካራ ቀለም ሲቀጥን ቡናማውም አብሮ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ጥሩ ቀለም ያላገኘ ሰው ያገኘውን ማቅጠን ይችላል።

ስስና ደረቅ ቆዳ ላይ ክሬም ከዱቄት ይሻላል። ዱቄት በፊት ላይ ባሉት ጥቃቅን ነጭ ፀጉሮች ላይ ይንጠለጠላል፣ በደረቀው ቦታ ይከማቻል። ክሬሙን የጣት ሙቀት ያቀልጠዋል፤ ማሸት ሳይሆን መታ መታ ማድረግ ነው። ከአፍንጫ ሁለት ጣት ርቆ፣ ሲስቁ ብቅ ከሚለው የጉንጭ ክፍል ተጀምሮ ወደ ጆሮ እያሳሱ መሄድ። ደም ዳር የለውም፤ የተቀባው ቀለም ዳሩ ከታየ በንጹሕ ጣት እስኪጠፋ መታ መታ ይደረጋል።

ልጅቱ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀባ ቀይ የሚሆነውን ሊፕስቲክ ጉንጭ ላይ ብትሞክረውስ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። በውስጡ ያለው ማቅለሚያ ደረቅ ሳለ ቀለሙን ደብቆ ይቆያል፤ የቆዳን እርጥበትና የአሲድ መጠን ሲያገኝ ወደ ደማቅ ሮዝ ይለወጣል፣ ቆዳውንም ይነክራል። «በየሰው ቀለም ይለዋወጣል» ቢባልም ብዙውን ጊዜ የሚለያየው ከሥሩ ያለው ቆዳ ነው። በእሷ ቆዳ ላይ ያለ ምንም መጋረጃ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፤ ታጥበው የማይመለሱበት ቀለም ለመማሪያ አይሆንም።

ሂናም እንዲሁ ቆዳን ይነክራል። ሐረር ያለ ሂና ሠርግ የላትም ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ገብቶ አሥር ቀን ያህል የሰነበተው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተንም የሴቶቹን ኩልና ሂና ሳይጽፍ አላለፈም። ሂና ከሞተው የላይኛው ቆዳ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ያ ቆዳ እስኪረግፍ አንድ፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አየር እያገኘው ይጠቁራል። የእኔ እጅ ላይ ሂናው ከቆዳዬ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ቡና ይመስላል፤ የእሷ ላይ ፍም ይመስላል። በሠርጉ ዋዜማ ሴቶቹ እጇን እየያዙ «የእሷ ነው የደመቀው» ሲሉ ሰማሁ፤ ያን ቀን ፊቷ ያለ ምንም ቀለም ቀልቶ ነበር። ጥቁር ሂና የሚባለውን ግን እንዳታስነካ አስጠንቅቄያታለሁ። ሂና በተፈጥሮው ጥቁር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠቁረው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ነው፣ ቆዳን አቃጥሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ለመኳኳል ምሳሌ ብላ ስልኳ ላይ ያስቀመጠቻቸው ፎቶዎች ሁሉ የቀይ ፀጉር አውሮፓውያን ሴቶች ነበሩ፤ የምትመስለው ሌላ ሰው ስላላገኘች ነው። የደቡብ አፍሪካዋን የሕግ ባለሙያና ሞዴል ታንዶ ሆፓን ፈልጌ አሳየኋት። አልቢኒዝም አለባት፤ አፍንጫዋ፣ ከንፈሯ፣ የፊቷ አጥንት የእኛ ነው። ልጅቱ ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ቀለም የት ቦታ እንደሚያርፍ ከዚያ ፊት ትማራለች።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደማስበው ነገር ልምጣ። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ሜላኒን ጥላችን ነው፤ እሷ ያለ ጥላ ነው የምትወጣው። በአፍሪካ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ትልቁ አደጋ የቆዳ ካንሰር ነው፤ በለጋ ዕድሜም ይይዛል። ስለዚህ ብለሸሩ የሚቀመጠው በሰንስክሪን፣ በፀሐይ መከላከያው ክሬም፣ ላይ ነው፤ ያለ እሱ በባዶ ቆዳ ላይ አይቀባም። መከላከያ ቁጥሩ 30 የሆነ ሰንስክሪን ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 ከመቶውን ያህል ይይዛል፤ 50 የሆነው 98። ልዩነቱ ቁጥሩ እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም፤ ሰፊው ልዩነት የሚመጣው ከመጠኑ ነው። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ይወጣል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፣ ከዚያ ብለሸሩ መታ መታ ይደረጋል። ከታሸ ሰንስክሪኑ ይነሣል። ዚንክ ያለበት ሰንስክሪን ፊትን ትንሽ ነጣ ስለሚያደርገው ቀለሙም የሚመረጠው እሱን ከተቀቡ በኋላ ነው። በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት፤ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ግን መደጋገም አያስፈልጋቸውም። እዚህ ሰንስክሪን እንደ መዋቢያ ከሊፕስቲክ ጎን ተደርድሮ፣ በመዋቢያ ዋጋ ይሸጣል። ለእሷ መድኃኒት ነው፤ እንደ መድኃኒት ሊታይና ሊቀርብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በየዓመቱ ሰኔ 6 ዓለም አቀፍ የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ይከበራል፤ በዚያ ቀን ከንግግር ይልቅ ሰንስክሪንና ባርኔጣ ቢታደል ደስ ይለኛል።

የሠርጉ ዕለት ከፈላና በር በባጃጅ ሄደች። ጉንጯ ላይ ያለውን ማንም አላስተዋለም፤ ያማረባት ብቻ መሰላቸው። ማታ ስትመለስ ጥጥ ላይ ዘይት ጠብ አድርገን ፊቷን ጠራረግናት። ጥጡ ሮዝ ሆነ፤ ጉንጯ ጠራ። ግንባሯና የአፍንጫዋ ጫፍ ግን፣ ምንም ያልቀባናቸው ቦታዎች፣ ቀይ እንደሆኑ ቀሩ። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፤ ነጣና ቶሎ ቀላ፣ ሲነካም ይሞቃል። ባርኔጣዋን ለፎቶ አውልቃው ነበር። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ ግንባሯ ላይ አደረግኩላት።